ዲኤክሴን ልሽጥ ወይስ ላሰራ? (ስለ አዲሶቹ መኪኖችም የሆዴን ላውራ)

ባለዲኤክሱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ከፋዘር የወረስኳት ዲኤክስ (ቶዮታ ኮሮላ) አለችኝ፣ የ82 ሞዴል፣ ባለ 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ ሊብሬው ላይ እስካሁን የሱ ስም ነው ያለው (አውቃለሁ፣ አዛውራለሁ፣ አትቆጡኝ)። ቅዳሜ ለት ዘይት ልጨምር ብዬ የዘይት መሙያ ክዳኗን ስከፍት ከውስጥ በኩል ነጭ ነገር ተለድፎበታል፣ እርጎ በሉት። ደነገጥኩ። የሰፈራችን መካኒክ ካዛንቺስ ሲፈርስ የት እንደገባ ስለማላውቅ ሌላ ጋራዥ ወሰድኳት፣ ልጁ በጣቱ ጠረግ አድርጎ አየውና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ "ጓርኒሲዮኑ አልቋል፣ ውሃና ዘይት ተደባልቋል፣ ቴስታታው ወርዶ ቶርኖ ቤት ይላጫል" አለኝ (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ራስ ነው፣ ጓርኒሲዮን ከስሩ ያለው ማሸጊያ)። 28 ሺ ብር። ሞተሯን አላስነሳም፣ ራዲያተሯን አልከፈተም። ጭራሽ መጨረሻ ላይ "ወንድሜ ይቺን ሽጥና አንዱን ኤሌትሪክ ግዛ፣ ዘመኑ እሱ ነው" ብሎ መከረኝ።

እኔ አዲስ መኪና ጠላት አይደለሁም በቃ ይሄ ይታወቅልኝ። ዲኤክሴ ኤርባግ የላትም፣ ኤቢኤስ የላትም፣ ክረምት ላይ የቀለበት መንገድ አስፋልት ሲረጥብ ፍሬን ስይዝ በሆዴ ጸሎት አለ። ግን የአጎቴን ልጅ አዲስ መኪና ስነዳ ያበሸቀኝን ልንገራችሁ፣ የአየር ማሞቂያ ለመቀነስ ስክሪን ውስጥ ሁለት ቦታ መግባት አለብኝ፣ ያውም ጽሁፉ ቻይንኛ ነው፣ መንገድ እያየሁ በእጄ ዳብሼ የማገኘው ቁልፍ የለም። የካምቢዮ ዘይት ልይ ብል መለኪያ ዘንግ የለውም። የፊት መብራት ለመቀየር የፊት መከላከያው በሙሉ መውለቅ አለበት አሉኝ። አምፖል እኮ ነው! በኔዋ ኮፈን ከፍቼ እጄን ሰድጄ አምስት ደቂቃ ነው። በዛ ላይ ከ2016 ጥር ጀምሮ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና አይገባም ስለተባለ ያለችኝን ከሸጥኩ ድጋሚ እንዲህ አይነት ላገኝ አልችልም። ምን ትሉኛላችሁ?

ላዳ_ናፋቂ፦
አትሽጥ!!! የኔን ላዳ 2009 ላይ ሸጬ እስካሁን ሰማያዊና ነጭ ነገር ባየሁ ቁጥር ልቤ ይሸበራል። የፊያት 124 ልጅ ነበረች እኮ፣ ሩሲያ ወስዳ ብርድና ኮረኮንች አስተማረቻት እንጂ። በካቻቢቴና በፒንሳ ብቻ ሐዋሳ ደርሼ ተመልሻለሁ። ቮልስም እንደዛው ናት፣ ጃንሆይን መስከረም 2 ቀን 1967 ከቤተ መንግስት ስትወስዳቸው አላስቸገረችም፣ ሮልስ ሮይስ ባለበት ግቢ ማለት ነው 😂

የሰሚቷ፦
ኧረ ወንዶች ተረጋጉ። እኔ ዘጠኝ አመት ቪትዝ ነድቼ አምና ወደ ኤሌትሪክ ገባሁ፣ ሁለት ልጅ ነው የምጭነው፣ "በሆዴ ጸሎት አለ" ያልከው ነገር ለኔ ቀልድ አይደለም ወንድሜ። ዘይት የለ፣ ካንዴላ የለ፣ ማደያ ሰልፍ ላይ ሶስት ሰዓት መቆም የለ፣ ማታ ግቢ ውስጥ እሰካለሁ ጠዋት እወጣለሁ። ስለ ስክሪኑ ግን ልክ ነህ። ለቻይና ገበያ ተሰርተው የመጡት፣ ለምሳሌ የቮልስዋገኑ አይዲ 6፣ ቋንቋቸው ለኛ ታስቦ አይደለም፣ የቻርጀር መሰኪያቸው ራሱ የአውሮፓው አይደለም፣ ሳታይ ገዝተህ ኋላ አዳፕተር ፍለጋ ነው።

እና አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ጠዋት ልጆች ላደርስ ስወጣ መኪናው ጭጭ። በር አይከፈት፣ ስልኬ ላይ ያለው አፕ አይሰራ። ማታ ስተኛ 70 ፐርሰንት ቻርጅ ነበረው። ለካ ኤሌትሪክ መኪናም እንደማንኛውም መኪና ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አለው፣ ኮምፒውተሩንም በሩንም የሚቀሰቅሰው እሱ ነው፣ እሱ ከሞተ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም ዋጋ የለውም። ሪሞቱ ውስጥ የተደበቀች የብረት ቁልፍ አለች፣ በሷ ከፍቼ ገባሁ፣ ከዛ ማን አዳነኝ? ጎረቤታችን ጋሼ በአሮጌ ፔጆአቸው ባትሪ ላይ ገመድ ቀጥለውልኝ። ልጆቹ ያን ቀን አርፍደዋል። ኤሌትሪክ ያላችሁ ያቺን ትንሽ ባትሪ ተከታተሏት፣ ማንም አይነግራችሁም።

ኮድ3፦
@ባለዲኤክሱ ሽጥ የሚሉህን አትስማ፣ አትሽጥ የሚሉህንም አትስማ፣ ሂሳብ ስራ። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ አዋጅ ከውጭ የሚገባ ከሰባት አመት በላይ የሆነ መኪና ላይ እስከ 500 ፐርሰንት ታክስ ጣለ፣ ቀጥሎ እገዳው መጣ፣ 2016 ሐምሌ ላይ ብር ሲንሳፈፍ የመለዋወጫ ዋጋ ተተኮሰ። ለዚህ ነው ዲኤክስ ራሱ ዛሬ የሚጠየቅበትን ገንዘብ ሰምተህ የምትስቀው። ደላላ አታስገባ እንጂ ዋጋዋ አይወርድም።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ልጄ ጤና ይስጥልኝ። ከሰላሳ አመት በላይ እጄ ከግራሶ አልተለየም፣ አሁን ጉልበቴ ስለደከመ ቤት ነኝ፣ ልጆቼ ናቸው ስልኩን ያስተማሩኝ። ቴስታታ አታስወርድ። በመጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። የራዲያተር ውሃ ይጎድልብሃል ወይ? የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት እሱም ነጭ ነው ወይስ ክዳኑ ላይ ብቻ? በቀን ስንት ኪሎሜትር ትነዳታለህ? የሙቀት መርፌዋ የት ላይ ትቆማለች?

ባለዲኤክሱ፦
ጋሼ አመሰግናለሁ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃ አይጎድልም፣ ባለፉት ሶስት ወር አልጨመርኩም። ዘንጉ ላይ ዘይቱ ጥቁር ቡኒ ነው፣ ነጭ የለውም፣ ክዳኑ ላይ ብቻ ነው። የምነዳው ከመገናኛ እስከ 22 ማዞሪያ ነው፣ ጠዋት ሄጄ ማታ መመለስ፣ ሌላ ብዙም አልወጣም። መርፌዋ... እውነት ለመናገር ከታችኛው መስመር ተነስታ አይቻት አላውቅም፣ ጌጁ ተበላሽቷል ብዬ ትቼው ነበር።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ጌጁ አልተበላሸም። ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚይዘው ቫልቭ) የላትም። የሆነ ሰው አውጥቶ ጥሎታል። ራዲያተሩ ላይ የሚገባውን የላይኛውን ጎማ ፍታና ቴስታታው ፊት ያለችውን ክዳን ሁለት ብሎን አውልቀህ እይ፣ ባዶ ካልሆነ ጢሜን ላጩኝ።

ነጩ ነገር ምን መሰለህ፣ ቤንዚን ሲቃጠል ውሃም ይወጣል፣ ጠዋት ማርሚታ ጫፍ ላይ የሚንጠባጠበው ማለት ነው። ከዛ ትንሹ በፋሻው (በፒስተኑ ቀለበት) አልፎ ወደ ታች ዘይቱ ጋ ይወርዳል። ሞተር በደንብ ከሞቀ ተንኖ በመተንፈሻው ጎማ ይወጣል። ያንተዋ ግን ሁለት ሶስት ኪሎሜትር ሄዳ ትቆማለች፣ በዛ ላይ ቴርሞስታት የለም፣ ውሃው ሞተር ውስጥ ቆይቶ እንዲሞቅ የሚይዘው ስለሌለ ገና ከጠዋቱ በአዲስ አበባ ብርድ ራዲያተር ሲዞር ይውላል። እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ክዳን ላይ ተመትቶ ከዘይት ጋር ይመታና እርጎ ይሆናል። ጓርኒሲዮን ቢሆን ኖሮ ውሃ ይጎድል ነበር፣ ዘንጉም ላይ ይታይ ነበር። በዚህ ምክንያት ብቻ ደህና ቴስታታ ሲወርድ ስንቱን አይቻለሁ።

ኮድ3፦
ጋሼ ይቅርታ ግን ቴርሞስታት እኮ እዚህ ሁሉም ሰው ነው የሚያወጣው። እንጦጦን በጭነት ስትወጣ ሞተር ይፈላል። የኔ ኤፍኤስአር (የኢሱዙ ጭነት መኪና) ከወጣለት ስድስት አመቱ ምንም አልሆነም።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ምንም አልሆነም አትበል ልጄ፣ ምንም አልታየኝም በል። የሚፈላው ሞተር የሚፈላው ራዲያተሩ ስለቆሸሸ፣ ውሃ ፖምፑ ስለደከመ፣ ቺንጊያው ስለላላ ወይ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስለማይዝ ነው። ቴርሞስታት ማውጣት ትኩሳት ያለበትን ልጅ ልብሱን አውልቆ ብርድ ላይ ማቆም ነው፣ ይቀዘቅዛል፣ በሽታው ግን እዛው አለ። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ቀዝቃዛ ሲሰራ ነዳጁን በወጉ አያቃጥልም፣ ጭሱ ይበዛል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል።

አሌክሳንድሪያ_ካምሪ፦
ሰላም ከቨርጂኒያ። እዚህ አሜሪካ ከ1996 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ የተሸጠ መኪና ሁሉ የኮምፒውተር መሰኪያ (ኦቢዲ ቱ የሚሉት) ግዴታ አለው፣ ስለዚህ ይሄን ነገር መኪናው ራሱ ያሳብቅብሃል። የኔ 2007 ካምሪ አንድ ክረምት ቼክ ኢንጂን አበራ፣ በ20 ዶላር ስካነር ሳነበው ፒ0128። ትርጉሙ ባጭሩ ሞተሩ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ አልደረሰም፣ ቴርሞስታት እይ ነው። ቀየርኩት ጠፋ። ኢንጀክሽን መኪና ላይ ቴርሞስታት ካወጣችሁ ኮምፒውተሩ "ሞተሩ ገና አልሞቀም" ብሎ ስለሚያስብ ቤንዚን አብዝቶ ይረጫል፣ ቀኑን ሙሉ። እዛ ቤንዚን ሊትሩ ከ100 ብር በላይ ሆኗል እየተባለ!

እና @ባለዲኤክሱ አዲሶቹን በዚህ አትማቸው። ካንተ የሰፈር መካኒክ ይልቅ የኔ መኪና ሀቀኛ ነበረ 😅 ችግሩ ስካነሩን አንብቦ የተጻፈውን ክፍል ብቻ የሚቀይር ሰው ነው፣ ኮዱ የት እንደሚያምህ ነው የሚናገር፣ ለምን እንደሚያምህ አይደለም።

የሰሚቷ፦
ወይ ጉድ፣ ቪትዜም ቴርሞስታት አልነበራትም! ማሞቂያዋ የማይሞቀው ለካ ለዛ ነው፣ ዘጠኝ አመት በጋቢ ነዳሁ በሉኝ። ካምቢዮዋ እንዴት እንደሞተ ልንገራችሁ ደግሞ፣ ሲቪቲ ነበረች፣ አንድ ጋራዥ "ዘይቱን እንቀይርልሽ" ብለው ተራውን የኦቶማቲክ ዘይት ሞሉባት። ሲቪቲ ውስጡ በብረት ቺንጊያ ነው የሚሰራው፣ የራሱ ዘይት ነው ያለው፣ ሁለት ወር ሳይሞላ መንዘር ጀመረች፣ ከዛ ዳገት እምቢ። መኪናው አይደለም ጥፋተኛው፣ ማንዋሉን ያልከፈተው ነው።

ሻርጃ_ያርድ፦
ከሻርጃ ነኝ፣ አሮጌ ዕቃ ሰፈር ነው የምሰራው፣ ወደ ሀበሻ የሚጫነው ሞተርና ካምቢዮ በእጄ ያልፋል። ያገለገለ ሞተር ግዙ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ግዙ፣ በር ኮፈን መስታወት ግዙ። የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያ፣ የፍሬን ጎማ፣ ቴርሞስታት ያገለገለ አትግዙ፣ አንዳንዱ ደላላ አጥቦ ፕላስቲክ ያለብሰዋል። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመለዋወጫ ሰፈር) ስትገቡ ደግሞ ካርቶኑን አትመኑ፣ ካርቶን ማተም ቀላል ነው፣ ዕቃውን እጃችሁ ላይ መዝኑ። ቴርሞስታት ላይ የሚከፈትበት ሙቀት ብረቱ ላይ ተቀርጾ ነው የሚመጣው፣ በወረቀት የተለጠፈ ከሆነ ተውት። ለቶዮታ ብዙውን ጊዜ 82 ነው።

ባለዲኤክሱ፦
ሪፖርት። የቴርሞስታቷን ክዳን ፈታሁ። ባዶ! ጋሼ ጢምዎ ተርፏል። ጓርኒሲዮን እንኳን አልነበረውም በሲሊኮን ነው ያጣበቁት፣ ፋዘር ነፍሱን ይማረውና እሱ እንዳላወጣው እርግጠኛ ነኝ፣ እሱ ብሎን ሲፈታ ጋዜጣ ላይ በተራ የሚደረድር ሰው ነበር።

ትላንት ሶማሌ ተራ ገባሁ፣ ሶስት ሱቅ "ምን ያደርግልሃል ሁሉም ያወጣዋል" ብለው አሾፉብኝ፣ አራተኛው ጋ አገኘሁ፣ 82 ተቀርጾበታል። ከመግጠሜ በፊት ልሞክረው ብዬ የማዘርን የሽሮ ድስት ውሃ ሞልቼ ጣድኩ፣ እህቴ ላብራቶሪ ስለምትሰራ ቴርሞሜትር አመጣችልኝ፣ ቴርሞስታቱን በክር አንጠልጥዬ አስገባሁ። አሁን ግራ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። 83 አካባቢ ላይ ስንጥቅ አለ፣ ደስ አለኝ፣ ቀስ እያለ ከፈተ፣ ግን ግማሽ ደርሶ ቆመ። ውሃው እየፈላ ነው፣ ቴርሞሜትሩ 92 ላይ ተቸክሎ አይወጣም፣ አስር ደቂቃ ጠበቅኩ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም። ተሸወድኩ? ወይስ ቴርሞሜትሩ ነው የተበላሸው? ውሃ 100 ላይ አይደል እንዴ የሚፈላው?

ላዳ_ናፋቂ፦
ተሸውደሃል ወንድሜ፣ ቻይና ነው። መልሰው።

ጋሽ_ካንዴላ፦
አትመልሰው! ቴርሞሜትሩም ደህና ነው፣ ዕቃውም ደህና ነው፣ ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባህር ወለል ወደ 2400 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውሃ እዚህ 92 ላይ ይፈላል፣ እሳት ብትጨምርም ይተናል እንጂ ከዛ አይሞቅም። እናትህን ጠይቃት፣ ባቄላ ጅቡቲ ላይ ከዚህ ምን ያህል ቶሎ እንደሚበስል። ቴርሞስታት ደግሞ 82 ላይ መክፈት ይጀምራል እንጂ አይጨርስም፣ ወለል ብሎ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ድስት ውስጥ እዛ አይደርስም። በዚህ ምክንያት ስንቱ ደህና ዕቃ ተጥሏል መሰለህ፣ እኔም ወጣት ሆኜ ጥያለሁ።

መኪናው ውስጥ ግን የራዲያተሩ ክዳን አለ። ላዩ ላይ 0.9 የሚል ታያለህ፣ ግፊቱ ነው። ያ ክዳን በደንብ ከያዘ ውሃው እዚህም ቢሆን ወደ 114 ሳይደርስ አይፈላም። ክዳኑ ጎማው ካረጀ ግን እንደ ድስቱ 92 ላይ ይፈላብሃል፣ ያኔ መካኒኩ ይመጣና ቴርሞስታት ያወጣል። የሁሉም ነገር መጀመሪያ አንዲት ክዳን ናት። ክዳኑንም ቀይር። ውሃውም የቧንቧ ብቻ አይሁን፣ ቴስታታዋ አሉሚኒየም ነው፣ ውሃ ብቻ ይበላዋል፣ ኩላንት ጨምርበት። ቴርሞስታቱ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ፒን አለች፣ ስትሞላ አየር የምታስወጣ ናት፣ የተበላሸ ነው ብለህ እንዳትነቅላት።

ሲሞቅልህ ደግሞ ካንዴላ አውጣና ቀለሙን ንገረኝ።

ኮድ3፦
እሺ ጋሼ ተሸነፍኩ። ኤፍኤስአሩን እሁድ አስገጥማለሁ። ግን ከፈላብኝ እርስዎን ነው የምደውል።

ጋሽ_ካንዴላ፦
በፊት ራዲያተሩን አሳጥብ።

ባለዲኤክሱ፦
ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ቴርሞስታት፣ የራዲያተር ክዳን፣ ኩላንት፣ አዲስ ዘይትና የዘይት ፊልትሮ፣ ከሰራተኛ ጋር 28 ሺው ሩቡ አልደረሰም። መርፌዋ ብዙ ሳልርቅ ተነስታ መሃል ላይ ቆመች፣ በህይወቴ አይቻት አላውቅም፣ መጀመሪያ ልትፈላ ነው ብዬ ዳር ይዤ ቆሜ ነበር። እርጎው ቆሟል፣ ቅዳሜ ደብረ ዘይት ደርሼ መጣሁ የዘይት ክዳኑ ንጹህ ነው። ጋራዡ ያወርደዋል ሲባል የነበረውን ቴስታታ ለማረጋገጥ ኮምፕረሽንም (አራቱ ሲሊንደሮች አየር የሚጨምቁበትን ግፊት) አስለካሁ፣ በፒኤስአይ 118፣ 120፣ 115፣ 120። ልጁ "ዝቅ ያለ ነው ማንዋሉ ላይ ከዚህ ይበልጣል" አለኝ።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ማንዋሉ የተጻፈው ባህር ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ነው። ሞተሩ የሚጨምቀው ያለውን አየር ነው፣ እዚህ ያለው አየር በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። አራቱ እርስ በርስ መቀራረባቸውን እይ፣ ያንተ ተቀራርበዋል። ካንዴላውስ?

ባለዲኤክሱ፦
ጥቁር ነው ጋሼ፣ ደረቅ ጥላሸት። ከበፊቱ ግን ቀንሷል።

ጋሽ_ካንዴላ፦
ካርቡሬተሩ ነው፣ አየሩ ሳሳ ብሎ ቤንዚኑ እንዳለ ይገባል። ጂግለሩን (ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ ብሎን) አንድ ቁጥር ዝቅ ያለ አስገባበትና ቀለሙ ማኪያቶ እስኪመስል ሞክር። አዲሶቹ በዚህ በልጠዋታል፣ ከፍታውን በሴንሰር ለክተው ራሳቸው ያስተካክላሉ፣ ጅቡቲም ውረድ ደሴም ውጣ ግድ የላቸውም። አንተ ግን በካቻቢቴ ነው።

አሌክሳንድሪያ_ካምሪ፦
ይሄን ክር ልጄ እንዲያነብ አማርኛ ላስተምረው ነው 😂

የሰሚቷ፦
ስለዚህ አትሸጥም ማለት ነው?

ባለዲኤክሱ፦
አልሸጥም፣ ቀበቶዋንና ፍሬኗን ግን ላሰራ ነው፣ ስለ ጸሎቱ ያልሽው ከሆዴ አልወጣልኝም። የፊት ቀበቶው ዘመኑ ስላለፈ ሻርጃ ያለው ወንድማችን አዲስ ቢፈልግልኝ ደስ ይለኛል፣ ያገለገለ አልፈልግም። ዝናብ ሲሆን ደግሞ ታክሲ።

ሻርጃ_ያርድ፦
የቀበቶውን ማሰሪያ ፎቶ ላክ፣ አያለሁ።

የሰሚቷ፦
የእናትህን ድስትስ ተካህላት?

ባለዲኤክሱ፦
ገና ነው። ሽሮው ኩላንት ኩላንት ይላል ብላ ሶስት ቀን አኩርፋኛለች፣ ኩላንት እንዳልነበረበት ባስረዳትም አልሰማችም። ሶማሌ ተራ ድስት አይሸጡም ደግሞ።